ቂብላው የጠፋበት ነጭ ሜዳ

«ነሐሴ ሰባት ነበር» ትላለች ሰብሪያ። ደግሞ ጣቶቿን ትቆጥራለች። «የለም፣ ሰባት አይደለም። ክርስቲያኖቹ ፍልሰታን ከያዙ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። የጎረቤታችን የብዙዬ እናት ከጓሮዬ ጎመን ልትቀጥፍ መጥታ ነበር፤ አስታውሳለሁ። ስድስት ይሆናል። ስድስት ነው ወይስ አምስት?»

ልጇ ፈውዚያ ይህን ሙግት ስትሰማ ኖራለች። ነሐሴ በገባ ቁጥር እናቷ ቀኑን ጮክ ብላ ትጠራዋለች፤ ትጠራጠረዋለች፤ መልሳ ትጠራዋለች። ቀኑ ልክ ቢገኝ የጠፋው ባሏም የሚገኝ ይመስላታል። ዓመቱን ግን ስታው አታውቅም። ዘጠና ዓመተ ምሕረት ነው። ፈውዚያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

አባቷ ጀብሪል ጨውና ክር በበቅሎ ጭኖ ከመካነ ሰላም ወደ ደጋ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ያን ቀን ማለዳ ተነስቶ ከደንቆሮ ጫካ በላይ ወዳለው ውርጫማ ደጋ ወጣ። መንገዱ ዳር ካለው የመጨረሻ ቤት የነበሩ ሰዎች ሲያልፍ አይተው ሰላምታ ሰጥተውታል። ከበቅሎዋ ኋላ አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ይከተል ነበር። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተደፋ። በረዶው ሜዳውን አልብሶት ሁለት ቀን ሳይቀልጥ ቆየ ይባላል። ሰው ወጥቶ ፈለገ፤ ጨው የያዘ አንድ ስልቻ እንጂ ሌላ አላገኘም። ከወር በኋላ ግን የጀብሪልን ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ ዳማ በቅሎ ከላላ ገበያ ላይ ስትሸጥ አየሁ የሚል ሰው መጣ። ሻጩ ጎረምሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለአገሩ ሰው የተፈታ እንቆቅልሽ ሆነ። ጎረምሳው ገድሎት በቅሎዋን ወሰደ፤ አለቀ። ሰብሪያ ግን ሰደቃ አላወጣችም፣ ሐዘን አልተቀመጠችም። ሰዎች «በቃ ሞቷል እኮ፣ ተይው» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሞቱን መች ጠየቅሁ? ሁላችንም ሟች ነን። እኔ የምጠይቀው ፊቱን ወዴት አድርገው እንዳስተኙት ነው። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው ወይስ እንደ ወደቀ ቀረ? እሱን የሚነግረኝ ይምጣ።»

ዘንድሮ ሰብሪያ ልቧን ታማለች። ዓይኗንም ሞራ ሸፍኖት ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። «ሳልሰማው ልሄድ ነው» ማለት ጀምራለች። ፈውዚያን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራት ይህ ነው፤ እናቷ ይህን አንድ ጥያቄ እንደ ያዘች መሞቷ።

ፈውዚያ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት አላት። ለመታወቂያ የሚነሱ ገበሬዎች፣ ሙሽሮች፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁር ካባ ተዋውሰው የሚመጡ ተመራቂዎች ደንበኞቿ ናቸው። ከጀርባ የምትሰቅለው ሸራ ከደሴ ታትሞ ነበር የሚመጣላት። አሁን ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ያለው አሮጌ ሸራ፣ ፏፏቴና ባለ ቀይ ጣሪያ ቤት ያለበት፣ መሐሉ ላይ ተቀዷል። ሙሽራና ሙሽሪት ሲቆሙ ቀዳዳው በመሐላቸው ይታያል።

ጎን ለጎን ሻይ ቤት ያላት ብዙዬ ይህን ስታይ «ይኸ ትዳር ገና ከፎቶው ነፋስ ገባው» ብላ ትስቃለች። መድኃኒቱን ያመጣችውም እሷ ናት።

«ከጓዳዬ የተከራየ ሠዓሊ አለ፤ ወንድዬ ይሉታል። የሱቅ ስም ይጽፋል፣ የምግብ ቤት ግድግዳ ይቀባል። ከወግዲ ከላላ፣ ከከላላ ወግዲ ሲዞር የሚኖር ሰው ነው። ዝምታው ብቻ ያስጠላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሻይ ጠጥቶ ‹ስኳር ጨምሪ› እንኳ አላለኝም።»

«ዝም የሚል ሰው እዚህ መንደር ከተገኘ ይምጣ» አለች ፈውዚያ።

ወንድዬ መጣ። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ውስጥ የታጠፈ። ነሐሴ ቢሆንም ሁለት ኮት ደራርቦ ለብሷል፤ ሁለቱም ቀለም ጠጥተዋል። ወደ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮ መሆኑን ሲያውቅ አንገቱን ቀበር አደረገ።

«ምን ይሁንልሽ እታለም?»

«በረዶ» አለችው። «ልጆቹ የሚፈልጉት በስልካቸው የሚያዩትን የፈረንጅ አገር በረዶ ነው። ነጭ ሜዳ፣ ራቁቱን የቆመ ዛፍ።» ስልኳን ከፍታ አሳየችው።

አንዴ አየና ቶሎ መለሰላት። «ሐይቅ አይሻልሽም? ሐይቅ እችላለሁ። አንበሳም እችላለሁ።»

«አንበሳ ምን ላርገው? ሙሽሪትን ሊበላብኝ?»

ብዙዬ ከበሯ ላይ ሆና «ሙሽራውን ቢበላው ስንቷ ታመሰግንሽ ነበር» አለች።

ወንድዬ አልሳቀም። ኮሌታውን ወደ ላይ ሳበ። «በረዶ ካልሽ፣ እኔ የማውቀው በረዶ አንድ ብቻ ነው።»

«አንዱ ይበቃኛል» አለች ፈውዚያ። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው።

ሸራ ስላልተገኘ ነጭ አቡጀዲ ገዛች። ወንድዬ ሦስት ቁራጭ በእጁ ሰፍቶ አንድ አደረገው፤ የዱቄት ሙጫ ቀብቶ ግድግዳው ላይ ወጥሮ አደረቀው። ከዚያ ከሰማዩ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ቀለም በቆርቆሮ ጣሳ ያዋህዳል፤ ውሃ ያበዛበታል፤ ሰፊውን ብሩሽ ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውሃ የፈሰሰበት አመድ የመሰለ ሰማይ ወጣ። ዝቅ ያለ ሰማይ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው አጎንብሶ ማለፍ ያለበት ይመስላል።

እኩለ ቀን ላይ ጠጠር የምታክል በረዶ ቆርቆሮው ላይ ተንጠባጠበች። ወንድዬ ብሩሹን ጣለ፤ ቀለም የሚፍቅበትን ቢላ አንስቶ ደጃፉ ላይ አኖረና ወደ ጥግ ተመለሰ። ፈውዚያ አፏን ይዛ ቀረች። እናቷም በረዶ ሲጀምር እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ማረሻ ወይም ማጭድ ወደ ደጅ ትወረውራለች፤ በረዶ ብረት ሲያይ ይለዝባል ብለው ነው የነገሯት።

«አንተም ታምንበታለህ?»

«ወላሂ አላምንበትም» አለ ወንድዬ። «ግን ብረት ሳላወጣ ቀርቼ አውቃለሁ።»

«ክርስቲያን ሆነህ ወላሂ?»

«ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው በምን ይማል?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እንደ ማለት አደረገው። በረዶዋ ወዲያው አቆመች። እሱ ግን እስኪመሽ ቢላውን ከደጃፉ አላነሳም።

በማግስቱ ሰማዩ ደርቆ ነበር። ከሥሩ ግን አቡጀዲው እንዳለ ነው።

«ነጩን ጣሳ መቼ ልትከፍተው ነው?» አለችው።

«አልከፍተውም። በረዶ አይቀባም፤ ይተዋል።»

እውነቱን ነበር። ነጩን ሳይነካ ዙሪያውን ብቻ እየሠራ ሄደ፤ ከበረዶው ብቅ ያለ የጓሳ ሣር፣ የድንጋይ አናት፣ በጣም ሩቅ ደግሞ ጉም የዋጠው ተራራ። ባዶው ጨርቅ ወደ ኋላ እየሸሸ ሜዳ ሆነ። ፈውዚያ ብዙ ሥዕል አይታለች፤ ባልተቀባ ጨርቅ የተነሳ ብርድ ተሰምቷት ግን አያውቅም።

ደንበኞቹም ተሰማቸው። ከደጅ ሲላፉ የነበሩ ሦስት ተመራቂዎች ከሥዕሉ ፊት ሲቆሙ ዝም አሉ። «ፈገግ በሉ» አለቻቸው፤ ጥርሳቸውን አሳዩ፣ ዓይናቸው ግን እንደ ፈራ ነበር። አንዲት ሙሽራ «የተቀደደው ይሻለኛል» ብላ ወደ አሮጌው ሸራ ዞረች። ብዙዬ ሻይ ልታደርስ ገብታ ነጠላዋን ተከናነበች።

«ዝጊው እቴ! ብርድ ገባ እኮ።»

«ምኑን ልዝጋው? ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ነው ትላለች! እኔ የመቃብር ደጅ የቆምሁ መሰለኝ። ተው ወንድዬ፣ አንዲት ወፍ እንኳ ጣል አርግበት። ወፍ ደግሞ ፍልሰታን አያስገድፍህም።»

«ያን ቀን ወፍ አልነበረም» አለ ወንድዬ።

ብዙዬ እየሳቀች ወጣች። ፈውዚያ ግን «ያን ቀን» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። ሥዕሉን ራቅ ብላ ቆማ አየችው። የሚያስፈራው ምኑ እንደ ሆነ የገባት ያኔ ነው። ጥላ የለውም። ድንጋዩም፣ ሣሩም፣ ምንም ነገር ጥላ አይጥልም። ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ወዴት እንደሚዞር የሚነግረው አንድም ነገር የለም።

«እታለም» አለ ወንድዬ ብሩሹን እያጠበ፤ ፊቱን ወደሷ አላዞረም። «እዚህ ሥዕል ውስጥ ብትቆሚ ቂብላው በየት በኩል ነው?»

ሳቀች። «በሥዕል ውስጥ ምን ቂብላ አለ?»

«ግን ሰው ቢሆን። መስገድ ቢፈልግ።»

«ፀሐይዋን ሥራበትና እነግርሃለሁ።»

«እሷን ነው ያጣሁት» አለ። «ወግዲ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከዚያኛው ጎን ሠርቸዋለሁ። ከላላ ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እያየሁ ሠራሁት። ባለቤቶቹ ገበያ አሸሸብን ብለው ሁለቱንም በኖራ አጠፉብኝ። ከየት በኩል ብሠራው ፀሐይዋ አትመጣልኝም።»

ነገሩ የሠዓሊ እብደት መሰላት፤ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን አለቱን ሣለ። መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ረዥም አለት ነው። ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት ጅባራ፣ ያች የውርጭ አገር ረዥም ተክል፣ ወጥታ ቆማለች። ፈውዚያ የአንድ ገበሬ ፎቶ እየቆረጠች ነበር። ቀና ስትል መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አባቷ በበቅሎ አፈናጧት ወደ ደጋ ወስዷታል። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ጣቱን ቀስሮ «ያችን ጅባራ አየሻት? ሴትዮዋ እንላታለን። ከቤቷ በር ላይ ቆማ ባሏን ትጠብቃለች» ብሎ አሥቋት ነበር። ይችው ናት። አለቱ ያው ነው፤ ስንጥቁም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው የጅባራዋ አንገትም ያው ነው።

የወንድዬ ብሩሽ ወደ ጥግ ሄደ። ጭነት የሌላት፣ ኮርቻ የሌላት ዳማ በቅሎ ሠራ። ጭንቅላቷን ከሠራ በኋላ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ላይ ሳበው። ግራውን ሲሠራ ከግማሽ ላይ አቆመው።

ፈውዚያ ተቀመጠች። ክፍሉ አራት እርምጃ በአራት እርምጃ ነው። በሩ ከእሱ ወዲያ ነው። ቢላው በእጁ ነው፤ የፈሰሰ ቀለም እየፋቀበት ነው። ስንት ጊዜ ይህን ጎረምሳ በሐሳቧ አግኝታው ነበር! አንዳንዴ ትጮህበታለች፣ አንዳንዴ ፊቱን ትቧጭረዋለች። አሁን ጎረምሳው ጸጉሩ ሸብቶ፣ ሁለት ኮት ደርቦ፣ ከእሷ ጣሪያ ሥር ቀለም እየፋቀ ነው። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ «ገድዬዋለሁ» ቢላትስ? «ያንቺን ምን አገባሽ» ብሎ ቢነሳባትስ? ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። እንደ ወደቀ ጥዬው ሄድሁ ቢል፣ ያንን ወስዳ ለእናቷ በየትኛው አፏ ትነግራታለች?

ያኔ ነው የዱላ ድምፅ የተሰማው። ሰብሪያ ግድግዳ እየዳበሰች ገባች። ፈውዚያ ልታስቆማት ተነሳች፤ አልደረሰችም።

«አሰላሙ አለይኩም። ፈውዚ፣ ብዙዬ ሥዕልሽ ሰው አስበረደ ብላ ስታስቀኝ ነው የመጣሁ። እስቲ ልየው፣ የቀረኝን ዓይን ልጨርስበት።»

«ወአለይኩም ሰላም እማማ» አለ ወንድዬ፤ ተነስቶ ወንበሩን አቀረበላት።

ሰብሪያ አልተቀመጠችም። ወደ አቡጀዲው ተጠግታ፣ አፍንጫዋ ቀለሙን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ፣ ከጥግ ጀምራ እንደሚያነብ ሰው ፊቷን እያንቀሳቀሰች ሄደች። በቅሎዋ ጋ አልደረሰችም። አለቱ ላይ ቆመች።

«ውይ! ይህማ የጅባራው መተላለፊያ ነው። እኔ እኮ ከዚያ ማዶ ነው የተዳርሁት። ሙሽራ ሆኜ በዚህ ነው ያለፍሁ።» ወደ ድምፁ ዞረች። «ልጄ፣ አንተ ታውቀዋለህ?»

ወንድዬ ቢላውን ከእጁ አስቀመጠ። «አንድ ቀን አልፌበታለሁ።»

«የሚያምር ቦታ ነው እኮ፣ ለምን እንዲህ አከሰልኸው?»

«ፀሐይ አልነበረም እማማ።» ድምፁ ቀጠነ። «እርስዎ ሲያልፉ ፀሐይ ነበረ?»

«ነበረ እንጂ! ማለዳ ነው ያሻገሩኝ። ልክ እዚህ፣ ይህን አለት እንዲህ ፊት ለፊት አድርገን ስንደርስ፣ ከጀርባው ወጣችብን። በስንጥቁ ገብታ ዓይኔን ወጋችኝ። ሚዜዎቹ ‹ሙሽራዋ አለቀሰች› ብለው ሳቁብኝ፤ ፀሐይ ነው እኮ ያስለቀሰኝ።»

«ከአለቱ ጀርባ?»

«ከጀርባው።»

«እንግዲያ ቂብላው...»

ሰብሪያ ሥዕሉን ፊት ለፊት ይዛ ቆመችና ግራ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። «በዚህ ነው። በግራ። ምነው ልጄ፣ ልትሰልም ነው?»

ወንድዬ የተዘረጋውን እጇን እያየ ቁልቁል ቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ። ጣሳው ክዳን አልነበረውም።

«እርግጠኛ ነዎት እማማ? በግራ?»

«የጸለይሁበትን አቅጣጫ እረሳለሁ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ባሌ እዚያ ነው የቀረ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። ነሐሴ ሰባት፣ ወይም ስድስት። ሞቱን አልጠይቅም። ፊቱን ወዴት አድርገው እንዳስተኙት ብቻ የሚነግረኝ ባገኝ አርፌ እሞት ነበር።»

ፈውዚያ የምታየው የወንድዬን እጆች ነበር። ጉልበቱን ጨምድደው ይዘዋል፤ የእሷም የወንበሩን መደገፊያ። ሁለቱም አንድ ነገር ፈርተው እንደ ነበር ኋላ ላይ ገባት።

«አብሽር፣ ልጄን አስደነገጥሁት» አለች ሰብሪያ ዱላዋን እየፈለገች። «ሥዕልህ ግን መልካም ነው። በርታ።»

እናቷን ደጅ ድረስ ሸኝታ ስትመለስ ወንድዬ ቆሞ ነበር። ሱሪው በግራጫ ቀለም ተነክሯል።

«የተረፈ አቡጀዲ አለሽ?» አለ።

«ስድስት ሜትር ይሆናል።»

«እሱን ስጭኝና ሌላ ክፍያ አልፈልግም።»

ጥቅሉን ስትሰጠው ጣቱ ጣቷን ነካት፤ እጇን ሳበች። ጠይቂው፣ ጠይቂው አላት ልቧ። ጉልበቷ ግን ወደ በሩ ወሰዳት። «እኔ ልሂድ፤ ስትጨርስ ቁልፉን ለብዙዬ ስጣት» አለችና ወጣች። ከፎቶ ቤቷ፣ ከገዛ ቤቷ፣ ሸሸች። ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ ብላ ለራሷ ማለች። ነገ ብዙዬም በር ላይ ትኖራለች፤ መንገዱም ሰው ይሞላዋል።

ጠዋት ከቤት እስከ ፎቶ ቤት ያለውን ቁልቁለት ጥያቄዋን ስትመርጥ ወረደችው። «አባቴን ገደልኸው?» የለም፣ እንዲህ ተብሎ አይጀመርም። «ጀብሪል የሚባል ሰው ታውቃለህ?» ይክዳል። በመጨረሻ የእናቷን ጥያቄ አነሳች። ፊቱን ወዴት አድርገህ አስተኛኸው? ይችን ብቻ። ይችን ከጠየቀች በኋላ የመጣው ይምጣ።

ብዙዬ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ወንድዬ ተነሳ?»

«ተነሳ ወይ! ገና ጎህ ሲቀድ እኮ ነው የሄደው። ሻይ እንኳ አልጠጣም። የኔን አካፋ አዋሽኝ አለ፤ ምን ልትሠራበት ብለው ‹እመልሰዋለሁ› ብቻ። ጥቅል ጨርቁን በትከሻው አንጠልጥሎ...»

«ወደ መናኸሪያው?»

«ወደ መናኸሪያውማ ቢሆን ምን አስደነቀኝ። ወደ ላይ ነው እንጂ፣ ወደ ደንቆሮ። በዚህ ነሐሴ ማን ጤነኛ ወደዚያ ይወጣል? ጠራሁት፤ አልዞረም።» ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። «ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ፈውዚያ በሩን ከፈተች። ብሩሾቹ ታጥበው በተርታ ተደርድረዋል። ቢላው ደጃፉ ላይ ነው፤ እንደ ተወው። ሥዕሉ አልቋል።

ከአለቱ ሥር ትናንት ልብ ያላለችው የድንጋይ ረድፍ ነበር። የፈረሰ ካብ ነው ብላ አልፋው ነበር እንጂ አይታዋለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ የሰው ቁመት ያለው። አሁን ያ ረድፍ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጩን ጣሳ ከፍቶታል። ከላዩ ላይ ሌላ ረድፍ ተሠርቷል፤ አቅጣጫው ዞሮ፣ ራስጌው ወደ አለቱ፣ ግርጌው ወደሚያየው ሰው። በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ድንጋይ ቆሟል። ሁለቱም ድንጋዮች ቀጭን ጥላ ጥለዋል፤ ጥላው ከአለቱ ወዲህ ይመጣል። የጅባራዋም ጥላ፣ የበቅሎዋም ጥላ እንዲሁ።

ሥዕሉን ፊት ለፊት ይዛ ቆመች። እናቷ እንዳደረገችው ግራ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። እዚያ ድንጋይ ሥር በቀኝ ጎኑ የተኛ ሰው ፊቱ ወደ እጇ ነው።

ይህ ግን ትናንት የተሠራው ነው። የመጀመሪያው መቃብር፣ በነጩ ሥር የተቀበረው፣ ቂብላውን ስቶ ሃያ ሰባት ዓመት የቆየው ነው። ገዳይ ነው የቀበረው ወይስ የመንገድ ጓደኛ? ገዳይም እኮ ይጸጸታል። ጉም ውስጥ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ የሰው እምነት ይከበር ብሎ አቅጣጫ የፈለገ ጎረምሳ ታያት፤ ወዲያው ደግሞ ያው ጎረምሳ ከላላ ገበያ የበቅሎ ልጓም ይዞ ታያት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልቻለችም። ስድስት ሜትር አቡጀዲ። እናቷ ለጎረቤት ሬሳ ከፈን ስትቆርጥ ስንት ጊዜ ጫፉን ይዛላታለች፤ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ታውቃለች።

ወደ መንገዱ ሮጠች። ዳገቱ ጭር ብሏል። «ወንድዬ!» ብላ ጮኸች፤ ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠጠር ወደቀ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የመንደሩ ጣሪያ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ብዙዬ ከውስጥ «ግቢ! ግቢ እቴ!» ትላለች። መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲነጣ ታየ። ከወዲያ፣ ከእናቷ ቤት ደጅ፣ ብረት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ሰብሪያ ማረሻዋን ወርውራለች።

ፈውዚያ ተመልሳ የወንድዬን ቢላ ከደጃፉ አነሳችና በሙሉ ኃይሏ ወደ መንገዱ መሐል ወረወረችው። በደንቆሮ በኩል ሰማዩ እስከ መሬት ወርዶ ነበር። ወንድዬ ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል።